ያገለገለ ኪቦርድ ከደብረ ብርሃን፦ ቁጥር 4ን ሳትሞክሩ አትመልሱት

ከአምስት ወር በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ከምትሸጥና ከምትጠግን አንዲት ጠባብ ሱቅ ኪቦርድ ገዛሁ። 61 ቁልፍ፣ የጃፓን ስሪት፣ ጀርባው ላይ የማላውቀው ሰው ስልክ ቁጥር በማርከር የተጻፈበት። 18 ሺህ ብር። ከመግዛቴ በፊት ስለ ያገለገለ ኪቦርድ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የሽያጭ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ሁሉም "ኦሪጅናል ነው፣ ምንም አልሆነም" ይላል። የኔው ግን ብዙ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ ወድጄዋለሁ። ለምን እንደወደድኩት ለማስረዳት ደግሞ ካሪቢያን ባሕር ላይ ወዳለችው ደሴት፣ ትሪኒዳድ ድረስ ሄደን መመለስ አለብንና ታገሱኝ።

መጀመሪያ ሱቋን። ስሟን አልጽፍም፤ ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቄያቸው "ተወኝ መምህር፣ ያለውም ሥራ አላለቀልኝ" ብለውኛል። ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ሱቋ ውስጥ የተፈታ ምጣድ፣ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ስቶቭ፣ የሽቦ ጥቅል ሁሉ ተደራርቧል። ገብቶ መዞር የለም፣ እንደገቡ ወደ ኋላ መውጣት ነው። ኪቦርዱ ሁለት ምጣድ ላይ ተጋድሞ ነበር። ዋጋ ስንከራከር ሶኬት ላይ ሰኩትና፣ እዚያው ቆመው፣ በቀኝ እጃቸው ብቻ ትዝታ ተጫወቱበት። ሃያ ሁለት ሺህ ያሉትን ወደ አሥራ አምስት ላወርድ ነበር ተዘጋጅቼ የሄድኩት፤ ትዝታውን ከሰማሁ በኋላ አፌ ተያዘ። ለካ በደርግ ጊዜ በአውራጃው ኪነት ኦርጋን ይጫወቱ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንት ዘመን ሠርግ ለሠርግ ዞረዋል። (ሻጩ ሙዚቃ የሚችል ከሆነ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት እንዲጫወትላችሁ አትፍቀዱ።)

ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ጣጣው ጀመረ። አዳፕተሩ ያጉረመርማል፣ ስፒከሩ ውስጥ ንብ የገባ ነው የሚመስለው። መሃል ላይ ያሉ ሁለት ቁልፎች ሲነኳቸው አንዴ ይጮሃሉ፣ አንዴ ዝም ይላሉ። ይሄ ሁሉ ይቻላል። የባሰው ልጄ የማይነካውን ነካክቶ ፒያኖው መበላሸቱ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። አንድ ቁልፍ ስመታ ሁለት ሰዎች አንድ መዝሙር አብረው አንስተው አንዱ ለጥቂት ከፍ ያለበት ይመስላል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይወላውላል። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ያው ነው። በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት (የደብረ ብርሃን ሰው መቼም ብርድ ልብስ አያጣም)፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አስተኛሁትና ወደ ሱቅ።

"ጋሼ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው እኮ የሸጡልኝ።"

"ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ፒያኖው። ይስሙት እስቲ፣ ይንቀጠቀጣል።"

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ማሳያው ላይ ያለችውን ቁጥር አዩ። 004 ትላለች። ከዚያ ሳቁ፤ ቶሎም አላቆሙ።

"መምህር፣ ይሄ አልተበላሸም። አውቀው ያበላሹት ነው። ሆንኪ ቶንክ ነው የሚሉት። አንተ የጠጅ ቤት ፒያኖ በለው።"

አፈርኩ። ግን ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ። በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው) የኪቦርድ አምራቾች ጄኔራል ሚዲ የሚባል የጋራ የድምፅ ዝርዝር ተስማምተው አወጡ። 128 ድምፅ ነው። 1 ቁጥር ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ ነው፣ 4 ቁጥር ደግሞ ሆንኪ ቶንክ። የኔ ኪቦርድ ይህን ዝርዝር ተከትሏል፤ የእናንተ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ፈልጉ። እውነተኛ ፒያኖ ውስጥ ከመሃል ጀምሮ ወደ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር አለው፣ መዶሻው ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የሚመታው። ሦስቱ እኩል ሲቃኙ አንድ ድምፅ ይወጣል። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅበት፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ መቃኛ ገንዘብ ሲጠፋ ክሮቹ ከአንዱ አንዱ ትንሽ ይሸሻል፤ ያኔ ያ የሚወላውል ድምፅ ይመጣል። የአሜሪካ መሸታ ቤቶች ፒያኖ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ማን ይቃኘዋል? ሰው ደግሞ ድምፁን ወደደው። ወደደውና ጤነኛውን ፒያኖ አውቀው ማዛባት ጀመሩ፣ በመጨረሻም ቁጥር ተሰጥቶት የጃፓን ፋብሪካ ገባ። ልጄ የነካካው ይህን ነው።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ይህ ድምፅ የማን እንደሆነ ስፈልግ ነው ዊኒፍሬድ አትዌል የምትባለውን ፒያኖ ተጫዋች ያገኘኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ኪቦርዱ ላወራ እጀምርና ስለ እሷ አውርቼ እጨርሳለሁ፣ አሁንም እንደዚያው ሊሆን ነው።

ዊኒፍሬድ የትሪኒዳድ ልጅ ናት፣ ቱናፑና የምትባል ከተማ። ቤተሰቦቿ መድኃኒት ቤት ነበራቸው፣ እሷም ፋርማሲ ተምራ የቤተሰቡን ሥራ እንድትይዝ ነበር የታሰበው። ፒያኖ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትጫወታለች፣ ክላሲካሉን። እንደሚባለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እዚያው ትሪኒዳድ፣ ፒያርኮ ላይ ለአሜሪካ ወታደሮች ስትጫወት አንዱ "ቡጊ ዉጊን ግን አትችይውም" ብሎ ይወራረዳታል፤ ቡጊ ዉጊ የጥቁር አሜሪካውያን ፈጣን የፒያኖ ጨዋታ ነው። ሄዳ ራሷ አንድ ቡጊ ደርሳ መጣች። የቤት ሥራ ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ እንኳ እንደዚያ ባልሠራችው። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ተማረች፣ በ1946 ደግሞ ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ። እዚያ ከሴት ፒያኖ ተጫዋቾች የትምህርት ቤቱን ከፍተኛ ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። የትምህርቷን ወጪ የምትሸፍነው ግን ማታ ማታ በክለብና በሆቴል ራግታይም እየተጫወተች ነበር።

ራግታይም ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ግራ እጅ እንደ ሰልፍ ሙዚቃ ዱም ቻ፣ ዱም ቻ እያለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀኝ እጅ ግን አልታዘዝም ይላል፤ ወይ ቀድሞ ይመጣል ወይ ዘግይቶ ይመጣል። እስክስታ ላይ ከበሮው አንድ ነገር ሲል ትከሻው ሌላ መልስ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው የፈጠሩት። ስኮት ጆፕሊን የሚባለው ሰው ሜፕል ሊፍ ራግን ያሳተመው በ1899 ነው፣ ዓድዋ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ። ያኔ ሙዚቃ የሚሸጠው በወረቀት ነበር፤ ሰው ኖታውን ገዝቶ ቤቱ ባለው ፒያኖ ይጫወተዋል። ጆፕሊን በ1917 ሞተ፣ ዘመኑም አብሮት ያለፈ መሰለ። ዊኒፍሬድ ለንደን ስትገባ ራግታይም የአያቶች ሙዚቃ ነው። የወጣው የወረደው ሁሉ ረስቶታል።

አሁን ወደ ፒያኖው። ባሏ ሉ ሌቪሶን መድረክ ላይ ሰው የሚያስቅ ኮሜዲያን ነበር፣ በኋላ የራሱን ሥራ ትቶ የእሷ ማኔጀር ሆነ። ይህ ሰው ለንደን ውስጥ ባተርሲ ከሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ፣ በ50 ሺልንግ አንድ የተዛባ ፒያኖ ገዛላት። 50 ሺልንግ ሁለት ፓውንድ ተኩል ነው። እሷም መድረክ ላይ መጀመሪያ በትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ ክላሲካል ትጫወታለች፣ በወግ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ተነስታ ወደዚያ ወደ አሮጌው ትሄዳለች። "ሌላኛው ፒያኖዬ" ነበር የምትለው። ሕዝቡ የሚያብደው ያኔ ነው። ይህን ሳነብ ባጃጅ ውስጥ የተጠቀለለው ኪቦርዴ ነው ትዝ ያለኝ፣ ምን ላድርግ።

ብላክ ኤንድ ዋይት ራግ የሚባለውን፣ ጆርጅ ቦትስፎርድ በ1908 የጻፈውን፣ በዚያ በተዛባ ፒያኖ ቀዳችው። የወጣው ከሸክላው ጀርባ ነው፣ ማለትም ማንም ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ አልጠበቀውም። በ1952 አገር ምድሩ እሱን ብቻ ጠየቀ፣ ሚሊዮን ተሸጠ። በታኅሣሥ 1954 ደግሞ ሌትስ ሃቭ አናዘር ፓርቲ የተባለው ሥራዋ የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆኖ አምስት ሳምንት ተቀመጠ። የድሮ ዘፈኖች ቅልቅል ነው፣ እኛ ሠርግ ላይ አንዱን ሳንጨርስ ሌላውን እንደምናነሳው። በዚያ አገር ሠንጠረዥ ላይ 1ኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው እሷ ናት። ከወንድም ከሴትም። በ1956 ደግማ ወጣች። የራሷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበራት። ብሪክስተን ውስጥ ለጥቁር ሴቶች የሚሆን የውበት ሳሎን ከፈተች። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የስኑከር (የቢሊያርድ ዓይነት ጨዋታ ነው) ውድድር ሲያሳይ መክፈቻው ያው ብላክ ኤንድ ዋይት ራግ ሆነ፤ ስሟን የማያውቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ጣቶቿን ያውቃል።

እጆቿ የለንደኑ የኢንሹራንስ ገበያ ሎይድስ ዘንድ በ40 ሺህ ፓውንድ ኢንሹራንስ ተገብቶላቸው ነበር። ውሉ ውስጥ ዕቃ እንዳታጥብ የሚል አለበት። ይህን እራት ላይ ለባለቤቴ በኩራት ስነግራት "ያንተን በ18 ሺህ ብር ነው አይደል ያስገባናቸው?" ብላ ድስቱን ሰጠችኝ። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውሃ ድስት ያጠበ ጣት ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ራግታይም ቀርቶ የገዛ ስሜን እንኳ በወጉ አይጽፍም።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ዊኒፍሬድ ክላሲካሉን አልተወችውም፤ የኖርዌዩን ደራሲ የግሪግን ፒያኖ ኮንሰርቶ ከኦርኬስትራ ጋር ቀድታለች፣ ከሩሲያዊው ከራኽማኒኖቭ ሥራዎችም አንዱ በ1954 ሠንጠረዥ ላይ ወጥቶላታል። ሰው ግን ሲያገኛት የሚጠይቃት የ50 ሺልንጉን ነው። ደስ ይላት ነበር ወይስ ያናድዳት ነበር እያልኩ አስባለሁ። ፒያኖ ሲባል እኛ አገር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው ቀድመው የሚመጡት፤ እሳቸውም በአውሮፓ ክላሲካል ተገርተው ሲያበቁ ሰው የወደደላቸው የራሳቸው የሆነውን፣ ቅኝቱ የኛ የሆነውን ነው። ግን የእማሆይ መንገድ ወደ ገዳም ወሰዳቸው፣ የዊኒፍሬድ ወደ ጭብጨባ። አውስትራሊያን ወድዳ በ1970ዎቹ እዚያ ኖረች፣ ዜግነቷንም እዚያ አደረገች። ባሏ በ1977 ሞተ፣ እሷ በየካቲት 1983 ሲድኒ ውስጥ አረፈች።

ይበቃል፣ ወደ ዕቃው።

ጥገናው "ለሦስት ቀን" ተብሎ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። በስልክ ስደውል "ነገ ና" ነው፣ ነገ ስሄድ "አይ፣ ዛሬ መብራት የለም" ነው። እዚህ ላይ አልምራቸውም። ሥራው ግን ንጹሕ ነው። አልሠራ ያሉት ሁለት ቁልፎች ችግራቸው ከሥራቸው ካለች የጎማ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ጎማዋ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ሰርኪዩቱን ይነካና ድምፅ ይወጣል፣ አቧራ ከገባበት ይሳሳታል። ከፍተው በፋርማሲ አልኮል ጠረጉት። "አረቄ አይሆንም እንዴ፣ ሞልቶን የለ?" ብላቸው "ውሃ አለበት፣ ደግሞ ያሳዝናል" አሉኝ። አዳፕተሩ የሌላ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። የኪቦርዱ ጀርባ 12 ቮልት ይላል፤ ቮልቱም፣ ፕላስና ማይነሱም መገጣጠም አለበት፣ ከተገለበጠ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሲሸጡልኝ ሊያዩት ይገባ ነበር፣ ራሳቸውም አምነዋል። ለአዳፕተሩ ግማሹን ከፍዬ፣ ለጥገናው ጨምሬ በጠቅላላው 900 ብር ወጣ። መብራት ሲጠፋ በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ይህ ለኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው።

ለራግታይም ይሆናል ወይ? እንደ አያያዛችሁ ነው። ራግታይም የተጻፈው ለሙሉ ፒያኖ፣ ለ88 ቁልፍ ነው። 61ዱ ላይ ግራ እጅ ዱም ሊል ወደ ታች ሲወርድ ቁልፉ ያልቅና ጠረጴዛውን ትመታላችሁ። እኔ ሁለቴ ጣቴን አሞኛል። መፍትሔው ኦክታቭ የሚለውን ነክቶ ሁሉንም አንድ ደረጃ ማውረድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ላይኛው ያጥራል፤ ብርድ ልብስ አንገት ሲሸፍን እግር እንደሚያጋልጠው። ቁልፎቹ ቀላል ናቸው፣ ከሥራቸው ስፕሪንግ እንጂ መዶሻ የላቸውም፤ ለጀማሪ አይከብዱም፣ ግን እውነተኛ ፒያኖ ላይ የተቀመጣችሁ ቀን ጣታችሁ ይደክማል። ፔዳል፣ በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያስረዝመው፣ አብሮ አልመጣም። ለራግታይም ብዙም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ፔዳል የበዛበት ራግ ሾርባ ይሆናል። ለትዝታ ግን ያስፈልጋል፣ ለብቻው ግዙት።

ቁጥር 1 ላይ ይህ ኪቦርድ ርካሽ ነው፣ ርካሽነቱም ይሰማል። ትልቁን ፒያኖ ለመምሰል ይሞክርና ያሳፍራል። ቁጥር 4 ላይ ግን ምንም አይመስልም፣ ራሱ ነው። የስፒከሩ ቆርቆሮነት እንኳ ያግዘዋል። በስልኬ የዊኒፍሬድን ቅጂ ከፍቼ ከጎኑ ስሞክረው የጣት ልዩነት እንጂ የድምፅ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የጣቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው እርግጥ። የብላክ ኤንድ ዋይት ራግ የመጀመሪያዋ ክፍል በአምስት ወር ውስጥ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ሦስት ቦታ ቆሜ፣ ትወጣልኛለች።

ለኪቦርዱ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለሱቋ አራት፤ የጎደለው አንዱ ለ"ነገ ና" ነው። የምትሄዱ ከሆነ የገበያ ቀን አትሂዱ፣ ምጣድ ይዞ የመጣው ሁሉ ይቀድማችኋል። አዳፕተሩንም እዚያው ሰክታችሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ከታች እስከ ላይ ነክታችሁ ነው መክፈል።

ባለፈው ሳምንት የዊኒፍሬድን ቅጂ ለባለሱቁ አሰማኋቸው። የሚበይዱትን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ግራ እጇን ስማው" አሉኝ፣ "ይህች ሴትዮ ሠርግ ላይ ብትጫወት ሰው ቤቱ አይገባም።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ሳቡ። ሌላ ኪቦርድ ነው፣ 76 ቁልፍ፣ 31 ሺህ። ሊሰኩት ገመዱን ሲፈልጉ ሰዓቴን አይቼ ክፍለ ጊዜ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።